የ«ማዘር ኢንዲያ» አባት፦ መህቡብ ኻን

ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወደ መርካቶ ሲያቀኑ ይገኝ የነበረው ሲኒማ ራስ፣ በኋላ ራስ ቴአትር ተብሎ የመድረክ ቤት ከመሆኑ በፊት፣ የሕንድ ፊልም ወዳጆች ደጅ የሚጠኑበት ቤት ነበር። በፒያሳ በኩል ያሉት ሲኒማ ቤቶች በአመዛኙ የአሜሪካንና የኢጣልያን ፊልም ሲያሳዩ፣ የተክለ ሃይማኖት፣ የአብነትና የመርካቶ ሰው ግን የሕንዱን ፊልም የራሱ አድርጎ ያዘው። ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን በቃሉ ያጠና፣ የተዋናዮቹን ስም ከጎረቤቶቹ ስም ጋር ቀላቅሎ የሚጠራ፣ በሚያለቅሱበት ቦታ አብሮ የሚያለቅስ ተመልካች ነበር። ከእነዚያ ፊልሞች ሁሉ ልቆ ስሙ እስከ ዛሬ ከሽማግሌዎች አፍ ያልጠፋው «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ፊልሙን ያላየው እንኳ ስሙን ያውቀዋል። የፊልሙን ባለቤት ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ ይህም በሲኒማ ሙያ የተለመደ ዕጣ ነው። ተመልካች የሚያውቀው ፊቱን የሚያየውን ሰው ነው እንጂ ከካሜራው ጀርባ የቆመውን አይደለም።

ያ ሰው መህቡብ ኻን ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1907 በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጅራት ምድር ቢሊሞራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ድኾች ሙስሊሞች ነበሩ። መደበኛ ትምህርት እምብዛም አላገኘም። በልጅነቱ የሲኒማ ፍቅር ይዞት ከቤቱ ኮብልሎ ወደ ቦምቤይ እንደሄደ፣ አባቱም ፈልገው እንደመለሱት ይነገራል። ሁለተኛ ሲሄድ ግን የሚመልሰው አልተገኘም። እንጀራ ያገኘውም በመጀመሪያ በካሜራ ፊት ሳይሆን ለፊልም ሥራ ፈረስ በሚያከራይ ሰው ጋጣ ውስጥ ነው ይባላል። ፈረሶቹ ወደ ስቱዲዮ ሲሄዱ እርሱም አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ከስቱዲዮ አልወጣም።

በዚያ ዘመን የሕንድ ሲኒማ ድምፅ አልነበረውም። መህቡብ በኢምፔሪያል ፊልም ኩባንያ በአጃቢ ተዋናይነት ተቀጠረ። በ1927 በተሠራው የአሊ ባባ ፊልም ከአርባዎቹ ሌቦች አንዱ ሆኖ ቀረበ፤ በታሪኩ ሌቦቹ በትላልቅ ዕቃ ውስጥ ተደብቀው ስለሚገቡ የመጀመሪያ ሚናው ተሸሽጎ መቀመጥ ነበር ማለት ይቻላል። ያው ኩባንያ በአርደሺር ኢራኒ መሪነት በ1931 «አላም አራ» የተባለውን የሕንድ የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልም ሲያዘጋጅ መህቡብ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ታጭቶ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ግን ስም ያለው ተዋናይ ይሻላል ተብሎ ሚናው በድምፅ አልባው ፊልም ለታወቀው ለማስተር ቪታል ተሰጠ።

ይህ መከፋት የመህቡብን ሕይወት ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። «አላም አራ» ሰባት ዘፈኖች ነበሩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕንድ ፊልምና ዘፈን አልተለያዩም። ሕንድ ብዙ ቋንቋ ያላት አገር ስለሆነች፣ ድምፅ ሲመጣ ብዙዎች ገበያው በየቋንቋው ይከፋፈላል ብለው ሰግተው ነበር። ዘፈኑ ያን ግድግዳ በከፊል አፈረሰው። ንግግሩን የማያውቅ ዜማውን ያውቃል። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተክለ ሃይማኖት ልጅ በሂንዲ ቃል እያንጎራጎረ ከሲኒማ ቤት የወጣበትም ምክንያት ከዚሁ የመጣ ነው።

መህቡብ ተዋናይነቱ እንደማያዋጣው ከተገነዘበ በኋላ ሳጋር ሙቪቶን በተባለ ኩባንያ ውስጥ የራሱን ድርሰት ይዞ የአዘጋጅነት ዕድል ጠየቀ፤ በ1935 የመጀመሪያ ፊልሙን «አል ሂላል» አወጣ። በዚያው ኩባንያ የተገናኘው የካሜራ ባለሙያ ፋሬዱን ኢራኒ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የማይለየው የሥራ ባልደረባው ሆነ። አንድ አዘጋጅና አንድ የካሜራ ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል አብረው መሥራታቸው በየትም አገር ብርቅ ነው። የመህቡብ ፊልሞች ሁሉ አንድ ዐይን ያያቸው የሚመስሉትም ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1940 በናሽናል ስቱዲዮስ «አውራት» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ ትርጉሙ ሴት ማለት ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ አንዲት ገበሬ ልጆቿን በረኃብና በአራጣ አበዳሪ መካከል ስታሳድግ የሚያሳይ ታሪክ ነው። መነሻ ሐሳቡን ያገኘው አሜሪካዊቷ ደራሲ ፐርል በክ ስለ ቻይና ገበሬዎች ከጻፈቻቸው መጻሕፍትና በሆሊዉድ ከተሠራው «ዘ ጉድ ኧርዝ» ነው ይባላል። የዋናዋን ገበሬ ሚና የተጫወተችውን ሳርዳር አኽታርን መህቡብ ከሁለት ዓመት በኋላ አገባት። አራጣ አበዳሪውን ሆኖ የተጫወተው ካንሃያላል የሚባል ተዋናይ ነበር፤ ይህን ስም አንባቢ ይያዘው፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በዚያው ሚና ተመልሶ ይመጣል።

በ1943 መህቡብ የራሱን ኩባንያ መህቡብ ፕሮዳክሽንስን አቋቋመ። ለኩባንያው ዓርማ የመረጠው ማጭድና መዶሻ ሲሆን፣ ከዓርማው ጋር ስለ ዕድልና ስለ ፈጣሪ ፈቃድ የሚናገር የኡርዱ ግጥም ይሰማ ነበር። በአንድ ዓርማ ላይ የሠራተኛው ምልክትና የአማኝ ሰው ቃል አብረው መታየታቸው ብዙ ሰው አስገርሟል። ሰውዬው ግን የፓርቲ ሰው አልነበረም። የድኻን ድካም ከጋጣ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሶላቱንም አይተውም ነበር። ሁለቱ ለእርሱ የሚጣሉ ነገሮች አልነበሩም። በዚያው ዓመት ባወጣው «ታክዲር» በተባለው ፊልም ናርጊስ የተባለችውን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዋና ተዋናይነት አቀረበ፤ እርሷም በኋላ የሕንድ ሲኒማ ታላቅ ሴት ተዋናይ ሆነች።

ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ሲለያዩ ብዙ ሙስሊም የፊልም ባለሙያዎች ወደ ፓኪስታን ተሻገሩ። መህቡብ በቦምቤይ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ናርጊስን፣ ዲሊፕ ኩማርንና ራጅ ካፑርን በአንድነት ያሳየበት «አንዳዝ» ወጣ፤ በቦምቤይ አዲስ የተሠራው ሊበርቲ ሲኒማም የተመረቀው በዚሁ ፊልም ነው። የ«አንዳዝ» ታሪክ በዘመናዊ ኑሮ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ዛሬ ለሚያየው ሰው ጠበብ ያለና ለሴቷ የማይራራ ነው፤ በአሠራሩ ግን ከመህቡብ ፊልሞች የላቀ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

ቀጥሎ የመጣው «አን» ስለ አሠራርና ስለ ገበያ አንድ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በ1952 የወጣው ይህ ፊልም ባለቀለም ነበር። በሕንድ አገር በዚያ ጊዜ ባለቀለም ፊልም ለማንሣትም ለማጠብም የተሟላ መሣሪያ አልነበረም፤ የቴክኒከለር ትልቁ ካሜራም በኪራይ የማይቀመስ ነበር። መህቡብና ኢራኒ ያገኙት መላ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም አንሥቶ፣ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ነው። ጠባቡ ፊልም ሲሰፋ ቅንጣቱ ይታያል፣ ጥራቱም ይቀንሳል፤ በዋጋ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነበር። ፊልሙ በለንደን «ዘ ሳቬጅ ፕሪንሰስ» በሚል ስም ታየ፤ ከሕንድ ውጭም በብዙ አገር ተሸጠ። መህቡብ ከዚህ የተረዳው የሕንድ ፊልም ገበያ ከሕንድ ባሕር ማዶም እንዳለ ነው። ካገኘው ገንዘብም በቦምቤይ ባንድራ በተባለው ሠፈር የራሱን ስቱዲዮ ሠራ፤ መህቡብ ስቱዲዮ በ1954 ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ የአሥራ ሁለት ዓመት የሐሳብ ዕዳውን ለመክፈል ተነሣ። «አውራት»ን እንደገና፣ በቀለም፣ በሰፊ መሬት ላይ ሊሠራው ፈለገ። የድሮውን ፊልም መብት ከናሽናል ስቱዲዮስ በ35,000 ሩፒ ገዛ። ጥሬ ፊልም ከውጭ ለማስገባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ስለ ነበር በ1952 ማመልከት ጀመረ። ችግሩ የመጣው ከርእሱ ነው። ካትሪን ሜዮ የምትባል አሜሪካዊት በ1927 «ማዘር ኢንዲያ» በሚል ርእስ ሕንዶችን የሚያንቋሽሽና ራሳቸውን ለማስተዳደር የማይበቁ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ አውጥታ ነበር። መጽሐፉ ሕንዶችን ምን ያህል እንዳስቆጣ ለመረዳት በአደባባይ እንደተቃጠለ ማወቅ ይበቃል። ስለዚህ በ1955 የውጭ ጉዳይና የማስታወቂያ ሚኒስቴሮች አንድ ፊልም በዚህ ስም እየተሠራ መሆኑን ሲሰሙ ድርሰቱ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። መህቡብ በመስከረም 1955 ድርሰቱን ከሁለት ገጽ ደብዳቤ ጋር ላከ። ፊልሙ ከመጽሐፉ ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው፣ ይልቁንም ርእሱ የተመረጠው መጽሐፉን ለመቃወም፣ ስሙንም ከሰዎች አእምሮ ለመፋቅ እንደሆነ አስረዳ። ዛሬ «ማዘር ኢንዲያ» ሲባል መጽሐፉን የሚያስታውስ ከተመራማሪ በቀር አይገኝም። በሲኒማ ታሪክ ስም ቀምቶ በማሸነፍ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መጥቀስ ያስቸግራል።

ሥራው ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ወጪው ወደ ስድስት ሚሊዮን ሩፒ ደረሰ፤ ይህም በዚያ ዘመን ለአንድ ተራ ፊልም ከሚወጣው አሥር እጥፍ የሚሆን ነበር። ግማሹ በባንድራው ስቱዲዮ ሲነሣ፣ የውጭው ትርኢት ደግሞ በመንደሮች ውስጥ፣ ከእነዚህም መካከል በራሱ በመህቡብ የትውልድ አገር በጉጅራት ተነሣ። ለጎርፉ ትርኢት አንድ ገበሬ 500 ኤከር መሬቱ በውኃ እንዲጥለቀለቅ ፈቀደ። ከጎርፉ በኋላ ሕዝቡ መንደሩን ጥሎ ሲሰደድ ለሚታይበት ትርኢት 300 የበሬ ጋሪዎችና 200 ገበሬዎች ተሰለፉ። እነዚህ ገበሬዎች የተቀጠሩት ተዋናይ ሆነው ሳይሆን ያው ራሳቸውን ሆነው ነው። ሞፈርና ቀንበር እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳያቸው አላስፈለገም። ይልቁንም ማረስን መለማመድ የነበረባቸው የከተማዎቹ ተዋናዮች ነበሩ።

ሚና ማደሉም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ለዓመፀኛው ልጅ ለቢርጁ በመጀመሪያ ታስቦ የነበረው በሆሊዉድ ስሙ የገነነው ሳቡ ነበር። ጉዳዩ እየተጓተተ ስለቀረ ብዙም ያልታወቀው ሱኒል ደት ተመረጠ። እናቱን ራዳን ሆና የምትጫወተው ናርጊስ ነች። ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በ1929 ነው፤ ሆኖም በፊልሙ ውስጥ እናትና ልጅ ናቸው። አራጣ አበዳሪው ሱኪላላን ሆኖ የተጫወተው፣ አስቀድሞ እንደተባለው፣ ካንሃያላል ነው።

በመጋቢት 1957 ኡምራ በተባለ መንደር የገለባ ክምር ሲቃጠል የሚያሳይ ትርኢት ሲነሣ ነፋሱ ተለወጠና እሳቱ ከታሰበው በላይ ተንቦገቦገ። ናርጊስ በነበልባሉ መካከል ተከበበች። ሱኒል ደት ዘልሎ ገብቶ አወጣት፤ እርሱም ክፉኛ ተቃጥሎ በሆስፒታል ተኛ፤ ናርጊስ አስታመመችው። በዓመቱ ተጋቡ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን በምስጢር ያዙት፤ ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት እናትና ልጅ ሆነው የቀረቡት ሰዎች እጮኛሞች መሆናቸው ቢሰማ ተመልካቹ ይቀየማል የሚል ሥጋት ነበረ። የዚያ ዘመን ፕሮዲውሰር የሚፈራው እሳትን ብቻ አልነበረም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። የራዳ አማት ለሠርጉ ወጪ ከሱኪላላ 500 ሩፒ ትበደራለች። ማንበብ ስለማትችል በምን ውል ላይ እንደፈረመች አታውቅም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለአበዳሪው ይፈርዳሉ፤ ከምርቱ ሦስት አራተኛው ለወለዱ ብቻ በየዓመቱ ይሄዳል። ባልየው ድንጋያማ መሬት ሲያቀና ቋጥኝ ተንከባልሎ ሁለት ክንዶቹን ያደቅቃቸዋል፤ የሰው እጅ ማየት አሳፍሮት ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ይሄዳል። ጎርፍ ይመጣል፣ ረኃብ ይመጣል፣ ሕፃን ይሞታል። አበዳሪው ክብሯን በእህል ሊገዛ ይሞክራል፤ እርሷ እምቢ ትላለች፤ ልጆቿን ቀንበር ለብሳ እያረሰች ታሳድጋለች። ታናሹ ልጅ ቢርጁ ግን በደሉን አይረሳም፤ ሽፍታ ሆኖ ተመልሶ አበዳሪውን ይገድላል፤ የአበዳሪውንም ልጅ በሠርጓ ቀን ይጠልፋል። እናቱ የመንደሩን ሴት ክብር ለማስጠበቅ ልጇን በገዛ እጅዋ ተኩሳ ትገድለዋለች።

ይህን ታሪክ ይዞ ሲኒማ ቤት የገባ አዲስ አበቤ ቋንቋውን አለማወቁ ምን ይጎዳዋል? አብዛኛው ከገጠር የመጣ ነው። ሲሶና እኩል ሲያርስ የኖረ አባት ያለው፣ ወይም ራሱ ከጭሰኝነት ሸሽቶ መርካቶ የተሸከመ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት «ማዘር ኢንዲያ»ን ያየ ሰው በሸራው ላይ ያየው የሩቅ አገር ታሪክ አልነበረም። የአራጣ አበዳሪውን ፊት ያውቀዋል። በማያነበው ወረቀት ላይ ጣቱን ያኖረ ዘመድ አለው። ሽፍታውንም ያውቀዋል፤ የእናትን ፍርድ ደግሞ ከማንም አብልጦ ያውቃል። በሴት ልጅ ክብር ላይ የመጣን ልጅ እናቱ እንኳ አትምረውም የሚለው ነገር ለሐበሻ ጆሮ ትርጉም አይሻም። የሕንድ ፊልም በኢትዮጵያ የተወደደው በዘፈኑና በጌጡ ነው የሚሉ አሉ፤ ለብዙዎቹ ፊልሞች እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህኛው ግን አይበቃም።

ፊልሙ እንዴት ይጓዝ እንደነበረም ማስታወስ ይገባል። «ማዘር ኢንዲያ» 172 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ደቂቃ ከ27 ሜትር በላይ ስለሚወስድ፣ የአንድ ቅጂ ርዝመት ወደ 4.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል በሚይዙ ጥቅሎች ሲከፋፈል አሥራ ስድስት ጥቅል ነው። ያን ሁሉ በቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ፣ በመርከብና በባቡር ተጭኖ ነበር ሰው የሚያየው። በሕንድ አገር ፕሮዲውሰሩ አገሩን በክልል ከፋፍሎ የማሳየት መብቱን ለየአከፋፋዩ ይሸጣል፤ አከፋፋዩም ገና ፊልሙ ሳያልቅ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል፤ የውጭ አገሩ ገበያ ደግሞ እንደ አንድ ክልል ይቆጠራል። በዚህ ሥርዓት አከፋፋዩ የገንዘብ ምንጭ ብቻ ሳይሆን ፈራጅም ነው፤ ምን ዓይነት ታሪክ፣ ስንት ዘፈን፣ የትኛው ተዋናይ የሚለውን አስቀድሞ ይመዝናል። መህቡብ በዕድሜ የገፋች ገበሬ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበትን፣ መጨረሻውም ሐዘን የሆነን ታሪክ በዚያ ገበያ ላይ ሲያቀርብ ስቱዲዮውንም ስሙንም ነበር ያስያዘው። ከከሰረ የሚቀረው ነገር አልነበረም።

ፊልሙ በጥቅምት 25 ቀን 1957 በሕንዶች የመብራት በዓል በዲዋሊ ሰሞን ወጣ። በሊበርቲ ሲኒማ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወርድ ታየ። ናርጊስ በ1958 በቼኮስሎቫኪያ በካርሎቪ ቫሪ ፌስቲቫል ምርጥ ሴት ተዋናይ ተብላ ተሸለመች። ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ለተሠሩ ፊልሞች በሚሰጠው የኦስካር ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆነ፤ ከሕንድም የመጀመሪያው ነበር። ወደ አሜሪካ የተላከው ቅጂ ወደ 120 ደቂቃ አጥሮ ሲሆን፣ ማጭድና መዶሻው ከመግቢያው ላይ እንዲነሣ ተደርጎ ነበር። ሽልማቱን የወሰደው የኢጣልያዊው ፌዴሪኮ ፌሊኒ «የካቢሪያ ሌሊቶች» ነው፤ የተበለጠው በአንድ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ይነገራል። መህቡብ ለዚህ በዓል ካሊፎርኒያ ድረስ ተጉዞ ነበር። ባለሙያዎች የሚያዝኑለት ለሽልማቱ ሳይሆን ለተቆረጡት ሃምሳ ደቂቃዎች ነው፤ ዘፈኖቹን ያጣ የሕንድ ፊልም የተጎዳ ፊልም ነው።

ከዚያ በኋላ መህቡብ በሙያ ማኅበር ሥራም ብዙ ደከመ። የሕንድ ፊልም ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1961 በሞስኮ ፌስቲቫል ከዳኞች አንዱ ነበር። በ1963 የሕንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ኒሻን ሸለመው። በሥራው በኩል ግን ወርዷል። በ1962 ያወጣው «ሰን ኦፍ ኢንዲያ»፣ ስሙ ከቀድሞው ፊልም ዝና እንዲበደር የተሰጠው ቢመስልም፣ ተመልካች አላገኘም፤ ዋናውን ልጅ ሆኖ የተጫወተው ሳጂድ፣ በ«ማዘር ኢንዲያ» ሕፃኑን ቢርጁን የተጫወተውና መህቡብ እንደ ልጁ ያሳደገው ነበር። አባት ለልጁ ሲል ዐይኑ እንደሚጋረድ የታወቀ ነው፤ አዘጋጅ አባት ሲሆን ደግሞ ነገሩ በሸራ ላይ ይታያል።

የመጨረሻው ዕቅዱ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በካሽሚር ስለኖረችው ባለቅኔ ንግሥት ስለ ሃባ ኻቱን ፊልም መሥራት ነበር። አላለቀም። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ በግንቦት 27 ቀን 1964 ዐረፉ። መህቡብ ኻን በማግሥቱ፣ ሕንድ ሁሉ በሐዘን ላይ ሳለ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ጋዜጦች ሁሉ በኔህሩ ዜና ተሞልተው ስለነበር የእርሱ ሞት በዚያ መካከል ነው የተነገረው።

እዚህ አገር በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለመታየት ተቃርቦ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. ወጣ። በቦምቤይ የባንድራው ስቱዲዮ ለሌሎች አዘጋጆች እየተከራየ ቀጠለ። «ማዘር ኢንዲያ»ም በየሲኒማ ቤቱ መታየቱን አላቋረጠም፤ በሕንድ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሠሪው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላም፣ ቲኬት እየተቆረጠለት ይታይ ነበር።